በጆሮ ያየነው ተጫዋች፦ መንግሥቱ ወርቁና የ1954ቱ ዋንጫ በሰቆጣ ትዝታ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ትውልድ አገሬ ስለ ዋግ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳበረክት በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ ስለ ዋግሹሞች ወይም ስለ አሞሌ ጨው ንግድ እንደምጽፍ ገምተው እንደ ነበር አልጠራጠርም። ስለ እነዚህ ጉዳዮች ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ አሉ። እኔ የመረጥሁት ርእስ በልጅነቴ የሰቆጣን ልጆች ልብ የገዛ አንድ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። ስሙም መንግሥቱ ወርቁ ይባላል።

ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሌሎችም ጽፈዋል፤ ብዙዎቹም በስታዲየም ተቀምጠው ኳስ ሲያንከባልል ያዩት ናቸው። እኔ የምጽፈው ግን ካላዩት ወገን ሆኜ ነው። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ከዚያ ከሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር በፊት፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ውጪ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ያን ድል በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው ያየው። በጆሮ የታየ ነገር ደግሞ እንዴት ባለ መልክ በልብ ተቀርጾ እንደሚቀር ለማወቅ የምፈልገው፣ ታሪክ ማስተማር ሙያዬ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በዚህ ጉዳይ እኔም ራሴ የተሳሳትሁ፣ ስሕተቴንም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁ ሰው በመሆኔ ነው።

በዚያን ጊዜ ሰቆጣ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የዋግ አውራጃ ከተማ ነበረች። ሬዲዮ ያላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እኛ ሠፈር የነበረው አንድ ሬዲዮ የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለ ነበረ፣ ከደሴ እስኪመጣም ድረስ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ጋሼ ሬዲዮአቸውን የሚከፍቱት ለዜና ብቻ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ጥቂት ጉልበት ያገኛል ይባል ነበር። ዜናውን ከሰሙ በኋላ በር ላይ ወጥተው ለጎረቤት ይናገራሉ፤ ጎረቤትም ለጎረቤት ይናገራል። በኽምጣና የሚሰማው በኽምጣና፣ በአማርኛ የሚሰማው በአማርኛ ይነገረዋል።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ዓርብ ቀን ዋለ። ቅዳሜ ቃና ዘገሊላ ሆነ። የዋንጫው ፍጻሜ ጨዋታ የተደረገው በማግሥቱ በእሑድ ነው። ሰቆጣ ገና ከበዓሉ ድካም ሳትላቀቅ፣ እሑድ ማታ ጋሼ በር ላይ ወጥተው «ኢትዮጵያ ግብፅን አራት ለሁለት አሸነፈች» አሉ። ነገሩ ግን አገር ያወቀው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የሰቆጣ ገበያ ቀን ነው፤ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች፣ ከዝቋላና ከአበርገሌ ማርና ፍየል ይዘው የሚወጡ ቆለኞች፣ ከደሃና የሚመጡ ደገኞች የሚገናኙበት ቀን ነው። ያን ማክሰኞ ከጨው ተራ እስከ እህል ተራ የተወራው ስለ ኳስ ነበር። ኳስ ምን እንደ ሆነ ለማያውቀው ሁሉ «በእግር የሚጫወቱት ገና ነው» እየተባለ ተብራራ። ታኅሣሥ 29 ቀን በትር ይዞ ጥንግ ሲያሳድድ ከርሞ ገና ሦስት ሳምንት ላልሞላው ጎልማሳ ይህ ማብራሪያ በቂ ነበር። «ያለ በትር?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሽማግሌ ትዝ ይለኛል። «ያለ በትር!» ሲባል፣ «እንግዲያው ጥርስ አይወልቅም» ብሎ ሄደ።

እኛ ልጆቹ ደግሞ በዚያው ሳምንት አዝመራው ከተነሣለት አውድማ ላይ የጨርቅ ኳሳችንን ይዘን ወጣን። ስምንት ነበርን። ሁላችንም መንግሥቱ ወርቁ ለመሆን ስለ ፈለግን ግብፅ የሚሆን ጠፋ። በመጨረሻ በዕጣ ሆነ።

ስሙን ለምን ከሌሎቹ መርጠን እንደ ያዝነው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስሙን ስንጠራ ያጋጠመንን መናገር አለብኝ። አንድ ቀን አውድማው ላይ «መንግሥቱ! መንግሥቱ!» እያልን ስንጮህ አጎቴ እየሮጠ መጣና አፌን በእጁ ያዘኝ። «ዝም በል አንተ! ማንን ነው የምትጠራው?» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተሰቀለው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። ከዋንጫው በፊት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በአንድ የአውራጃ ከተማ የልጆች ጭፍራ ያን ስም በአደባባይ ሲጮህ መስማት ለትልቅ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። አጎቴ ማንን ማለታችን እንደ ሆነ ከተረዳ በኋላ እንኳ «የአባቱን ስም ጨምሩበት» ብሎ አዘዘን። ከዚያ ወዲህ «መንግሥቱ ወርቁ» ብለን ሙሉውን ስንጠራ ኖርን። ከየካቲት 1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሌላ መንግሥቱ መጣና፣ ያደግነው ልጆች በሌላ ምክንያት ሙሉ ስሙን መጥራት ቀጠልን። የአንድ ተጫዋች ስም በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲከብድ ያየሁት በመንግሥቱ ወርቁ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስለ ሰውየው የተረጋገጠውን ልናገር። መንግሥቱ ወርቁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንና የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ ነበር። ኢትዮጵያ ባስተናገደችው በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተካፈሉት አገሮች አራት ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ኢትዮጵያ፣ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ፍጻሜውንም በተመሳሳይ ውጤት አሸነፈች። በዚህ ውድድር መንግሥቱ ሦስት ጎል አግብቶ፣ ከግብፁ ከባዳዊ ጋር እኩል ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎም ተመረጠ። ያን ጊዜ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ውድድሮች ያገባቸው ሲደመሩ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎሎች አሉት። በአሥር ጎል የቆመ አጥቂ በአህጉሩ ታላላቆች ዝርዝር ውስጥ እስከ ዛሬ ስሙ ሲጠራ ይኖራል።

የሰቆጣ ሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ የሆነበት ምክንያት ግን ከጎል ቁጥር የመጣ አይደለም። ቡድኑ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወጣቶች የተመሠረተ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን ፋሽስቶች ስሙን ለውጠው «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ብለውት ነበር። ይህ ወሬ ሰቆጣ የደረሰው ከአዲስ አበባ በተመለሱ ወታደሮችና ነጋዴዎች አማካይነት ነው። ዋግ ደግሞ ወረራውን የምታስታውሰው በሩቁ አይደለም። የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. በጣልያኖች እጅ ወድቀው ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ማሳያ ሆኗል። ያን ያዩ ሰዎች በልጅነቴ በሕይወት ነበሩ፤ ከእኛም ጋር በአንድ አጥር ግቢ ይኖሩ ነበር። ጣልያን ስሙን የቀማው ቡድን ስሙን አስመልሶ ሲጫወት መስማት ለእነሱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የሰማዕቱ ስም መሆኑም ተጨምሮበት፣ ኳስ በዐይናቸው አይተው የማያውቁ አሮጊቶች «ጊዮርጊስ አሸነፈ ወይ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ።

በሰቆጣ ሲነገር የኖረው የፍጻሜው ጨዋታ ታሪክ እንዲህ ነው፦ ግብፅ ሁለት ለአንድ እየመራች፣ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ከስታዲየሙ መውጣት ሲጀምር፣ መንግሥቱ ወርቁ ብቻውን ኳስ ይዞ ገብቶ አቻ አደረገ። ከዚያም በተጨማሪው ሰዓት ሁለቱንም ጎል ራሱ አገባ። ይህን ታሪክ ከጋሼ በር ላይ ሰማሁት፤ ከአውድማው ላይ ተጫወትሁት፤ ለትምህርት ደሴ ወርጄ ለጓደኞቼ ነገርሁት፤ በመጨረሻም አስተማሪ ሆኜ፣ ስለ 1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ታሪክ ሳስተምር የተማሪዎቼን እንቅልፍ ለማባረር በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ተረክሁት። ተማሪዎቼ ሌላውን ሁሉ ረስተው ያን ብቻ ሳያስታውሱ አይቀሩም።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህንኑ ስናወራ፣ አስመራ ተወልዶ ያደገ አንድ የሥራ ባልደረባችን ሻዩን አስቀምጦ፣ «የ84ኛው ደቂቃ ጎል የሉቻኖ ነው» አለኝ። ተከራከርሁት። ድምፄንም ከፍ አደረግሁ፤ ይህን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ። እሱ አልተቆጣም። «እኔ ያን ቀን ስታዲየም ነበርሁ፤ አንተስ የት ነበርህ?» ብቻ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የውድድሩን መዝገብ የማየት ዕድል አጋጠመኝ። ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ ግብፅን መሪ አደረገ። ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሆነች፤ ደስታው ግን አንድ ደቂቃ ነው የቆየው፤ በ75ኛው ባዳዊ ሁለተኛውን ጨመረ። በ84ኛው ደቂቃ ሁለት ለሁለት ያደረገው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ያገባው ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ነው። መንግሥቱ ወርቁ ያገባው በ117ኛው ደቂቃ የተቆጠረውን አራተኛውን ነው። ዋንጫውንም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ ነው።

የመንግሥቱ ጎል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ከመቶ ደቂቃ በላይ በሮጠ እግር፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ለሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ ለግብፅ ቡድን በሩን የዘጋች ጎል ናት። በ1949 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዋንጫ ፍጻሜ ያው ቡድን አራት ለባዶ አሸንፎን እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ አራተኛዋ ጎል ልዩ ጣዕም ነበራት። ነገር ግን ቡድኑን ከሞት ያነሣው ጎል የመንግሥቱ አይደለም። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የአንዱን ሰው ጎል ለሌላው ስሰጥ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዳንዱ ምክንያት ቀላል ነው። ዜና በቃል ሲተላለፍ ብዙ ስም አይሸከምም፤ አንድ ስም ይበቃዋል። ምርጥ ተጫዋች የተባለውም መንግሥቱ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ እንዲሁ በዘፈቀደ የተፈጠረ በሆነ ነበር። እኔ በዘፈቀደ የተፈጠረ አይመስለኝም። ጋሼ ያን ማታ በር ላይ ሲናገሩ «ሉቻኖ» የሚለውን ስም ጠርተው እንደ ነበር፣ አጠገቤ ከነበሩት አንዷ አሮጊት «የጣልያን ስም አይደለም እንዴ?» ብለው መጠየቃቸውን አስታውሳለሁ። ጋሼም ጥቂት ዝም ብለው ወደ ሌላው ነገር አለፉ። የደጃዝማች ኃይሉን ራስ ተቆርጦ ያዩ እናት ከፊታቸው ቆመው፣ ኢትዮጵያን ያዳነው ሉቻኖ ነው ለማለት ለጋሼ ሳይከብዳቸው አልቀረም። ማክሰኞ ገበያ ላይ ስሙ ጨርሶ አልተሰማም። ገበያው ጎሉን ከሉቻኖ ወስዶ ለመንግሥቱ ሰጠው።

ሉቻኖ ግን ጠላት አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. በአስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆነች፣ በድሬዳዋው የኮተን ቡድን ስሙ የገነነ፣ የብሔራዊ ቡድናችንን አምበልነት በእግሩ ያገኘ ሰው ነው። የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ ዋንጫውን ካነሣ ከአሥር ወር በኋላ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም.፣ የተወለደበት አገር ፌዴሬሽን ፈረሰ። ከአብዮቱ በኋላም አገር ለቆ ወጥቶ ቀሪ ዕድሜውን በጣልያን አሳለፈ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሮም ውስጥ አረፈ። ዜናውን ስሰማ ወዲያው የታወሰኝ ያ በመምህራን ክፍል ውስጥ ሻዩን ያስቀመጠው ባልደረባዬ ነው። ሉቻኖ በአስመራ «የእኛ አይደለም»፣ በሰቆጣም «የእኛ አይደለም» ሊባል የሚችል ሰው ነበር፤ ያቺን እሑድ ግን የሁላችንም ነበር። ያነሣው ዋንጫ ራሱ ዛሬ አገራችን የለም። ደንቡ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ለዘለዓለም ይሁን የሚል ስለ ነበር፣ ጋና በ1970 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፋ አስቀርታዋለች።

ከ1954 በኋላ ስላለው የቡድናችን ታሪክ በዝርዝር ለመጻፍ ልቤ አይፈቅድም። በ1956 ዓ.ም. በጋና፣ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ አገራችን አራተኛ ወጣን። በየካቲት 1962 ዓ.ም. በሱዳን የአይቮሪ ኮስቱ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት ጎል አግብቶብን 6 ለ1 ተሸነፍን። (አንባቢ ልብ ይበል፤ ፈረንጆች 1962 የሚሉት የድላችን ዓመት ነው፣ በእኛ አቈጣጠር 1962 ደግሞ የውርደታችን። ልጆች ይህን እየቀላቀሉ ስንት ጊዜ አስቸግረውኛል!) ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀብን።

መንግሥቱ ወርቁ መጫወት ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። እኔም በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ስመጣ አንድ ቀን ስታዲየም ገብቼ ያየሁት በአሠልጣኝነቱ ነው። በመስመሩ ዳር ቆሞ ነበር። ሰውነቱ ወፈር ብሏል። ከሜዳው የወጣች ኳስ ወደ እሱ ስትንከባለል ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት በእግሩ ውስጠኛ ክፍል አቆማትና ለወርዋሪው ልጅ ገፋ አደረገለት። ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው «አየኸው?» አልሁት። «ምኑን?» አለኝ። በሕይወቴ በዐይኔ ያየሁት የመንግሥቱ ወርቁ ጨዋታ ያ ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. መሞቱን በሬዲዮ ሰማሁ። ሬዲዮ ያመጣልኝ ሰው ነበርና በሬዲዮ ሄደ።

በአውድማው ላይ ከተጫወትነው ከስምንታችን ውስጥ ሁለቱ በ1977ቱ ረሀብ ወደ ኮረም ወርደው አልተመለሱም። ሦስቱ በጦርነቱ ዓመታት ጠፉ። አንዱ በሕመም ሞተ። የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና አንድ ገበሬ ወዳጄ። ባለፈው ሰቆጣ በሄድሁ ጊዜ ቤቱ ጠላ ስንጠጣ፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ማሰቤን ነግሬው፣ የ84ኛው ደቂቃ ጎል የሉቻኖ መሆኑን፣ የ101ኛውም የኢታሎ መሆኑን፣ ስማቸው ጣልያንኛ ይሁን እንጂ እናታቸው የኛው ሰው መሆኗን በዝርዝር አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ጽዋውን አስቀመጠና፦

«አንተ ተምረሃል፣ መጽሐፍም አይተሃል፤ አልከራከርህም» አለ። «እኔ የምነግርህ ያየሁትን ነው። ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው።»

«የት ሆነህ አየህ?» አልሁት።

«ከአውድማው ላይ ነዋ» አለኝ። «በረኛው እኔ አልነበርሁም እንዴ?»